ሦስት ስልክ፣ ሦስት አዛን፦ ስልክ፣ ብራውዘርና አፕ ስንመርጥ ምን እንይ?



ባለፈው ረመዷን ሦስት ጓደኛሞች ሱሁር ላይ ነበርን። አንዳችን ከመንዝ፣ አንዳችን ከግሼ፣ አንዳችን ከመርሐቤቴ ነን። ሻይ ተቀድቷል፣ ከኢፍጣር የተረፈው ፍርፍር ቀርቧል። በመሐል የአንዱ ስልክ አዛን አለ። እሱ እጁን ሰበሰበ። ከ6 ደቂቃ በኋላ የሁለተኛው ስልክ አዛን አለ። ሦስተኛው ግን "የኔ ገና ነው" ብሎ ሻዩን ቀጠለ፤ የሱ ስልክ የጮኸው ከመጀመሪያው 18 ደቂቃ ዘግይቶ ነው። የሦስቱም ስልክ ሰዓት ትክክል ነው። ሦስቱም ያሉት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ታዲያ የትኛው ነው እውነቱን የተናገረው?

ነገሩን ለኡስታዛችን ስንነግራቸው ሳቁና "የጾሙን እኔ እነግራችኋለሁ፤ የስልኩን ግን እናንተ ናችሁ የምትማሩት" አሉን። የጾሙን መልስ ከሳቸው ሰማን። ይህ ጽሑፍ የስልኩ መልስ ነው። ነገር ግን ስለ አዛኑ ብቻ አይደለም። የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው ተብለን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ "የትኛው ስልክ ይሻላል? በየትኛው ብራውዘር ልጠቀም? የትኛውን አፕ ልጫን?" እንጠየቃለን። መልሳችን ብዙ ጊዜ ጓደኛችን የያዘውን ወይም ሱቁ መስታወት ላይ የሚያበራውን መጥቀስ ነበር። ከዚያ ሱሁር በኋላ ግን ማንኛውንም ዕቃና አፕ አራት ጥያቄ መጠየቅ ጀመርን፦

አንደኛ፣ ኔትወርክ በሌለበት ይሠራል ወይ? ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ያህል ይቆያል? ሦስተኛ፣ በአማርኛ ያስነብባል፣ ያስጽፋል ወይ? አራተኛ፣ በነጻ ሲሰጠን ከኛ የሚወስደው ምንድነው?

እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አበባ ላይ ቅንጦት ሊመስሉ ይችላሉ። ለእረፍት ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ራቤል ወይም ወደ ዓለም ከተማ የምንሄድ ሰዎች ግን የምናውቃቸው ናቸው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ወጣ ሲሉ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና መቋረጡ ለወራት ሲዘልቅ፣ ስልካችን ላይ ያሉት አፖች የትኞቹ በራሳቸው እንደሚቆሙ፣ የትኞቹ ደግሞ ባዶ መስኮት እንደሆኑ ሁላችንም አይተናል።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

ከስልኩ እንጀምር። በገበያችን ላይ በብዛት የምናያቸው ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው፤ እናታቸው መቀመጫውን ሼንዘን ያደረገው የቻይናው ትራንሺን ነው። ኩባንያው በሀገራችን ስልክ መገጣጠም ከጀመረም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ "ከቴክኖና ከኢንፊኒክስ የቱ ይሻላል?" ብሎ መከራከር ከሁለት ወንድማማቾች የቱ የአባቱ ልጅ ነው እንደማለት ነው። የሚለየው ስሙ ሳይሆን የያዙት ሞዴል ውስጡ ያለው ነገር ነው።

ውስጡን ለማወቅ ካርቶኑን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። የብዙ ኩባንያዎች ካርቶን ላይ በትልቁ "8 ጂቢ ራም" ይላል፤ ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ "4+4" ተብሎ ይጻፋል። ይህ ማለት እውነተኛው ራም 4 ጂቢ ነው። ቀሪው 4 ከፎቶና ከፋይል ማስቀመጫው ተቆርሶ ራም መስሎ የሚሠራ ነው። ማስቀመጫ ከራም በጣም ስለሚዘገይ ያ ጭማሪ ስልኩን የእውነተኛ 8 ጂቢ ያህል አያፈጥነውም። ሻጩን "ከፕላሱ በፊት ያለው ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛው ቁጥር የባትሪ ነው። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ ስልኮች ላይ የተለመደ ነው። ለደጋ ልጅ ግን ከቁጥሩ በተጨማሪ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የስልክ ባትሪ ሊትየም አዮን ነው፤ ሊትየም አዮን ብርድ አይወድም። ከጥቅምት እስከ ጥር መንዝ ላይ ውርጭ ሲጥል ሌሊቱን መስኮት ሥር ያደረ ስልክ ጠዋት ላይ 30 በመቶ እያሳየ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። ባትሪው አልተበላሸም፤ ብርዱ በውስጡ ያለውን ኬሚካል አዝግሞት ነው፣ ሲሞቅ ይመለሳል። የሚያበላሸው ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘበት ሰዓት ቻርጅ ማድረግ ነው። በዚያን ጊዜ ሊትየሙ ወደ ቦታው መግባት አቅቶት እንደ ብረት ይለበጥና የባትሪውን ዕድሜ ለዘለቄታው ይቀንሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልኩን ጋቢ ውስጥ ይዞ ማደር፣ ጠዋት ሰውነት ካሞቀው በኋላ ቻርጅ መሰካት።

ፓወር ባንክ ላይ ደግሞ ማታለሉ ይብሳል። 10,000 የተባለ ፓወር ባንክ ይህን ያህል የሚይዘው በባትሪው በራሱ 3.7 ቮልት ነው፤ ጉልበቱ 37 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ለስልክ ሲሰጥ ግን ወደ 5 ቮልት ከፍ ያደርገዋል፤ በመንገድም ሙቀት ሆኖ የሚባክን አለ። ተደምሮ ሲታይ ባለ 5,000 ስልክን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሞላል እንጂ ሁለት ጊዜ አይሞላም። ይህ ሐሰት አይደለም፤ የዕቃው ተፈጥሮ ነው። ሐሰቱ ያለው በኪስ የሚገባ ቀላል ዕቃ ላይ "50,000" ተብሎ ሲጻፍ ነው። መለያው ክብደት ነው። የሊትየም ባትሪ አንድ ኪሎው በግምት ከ200 እስከ 250 ዋት ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ እውነተኛ 10,000 ባትሪው ብቻ ከ150 ግራም አያንስም፤ እውነተኛ 50,000 ደግሞ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። የግማሽ ኪሎ ስኳር ያህል እንኳ የማይከብድ "50,000" ካቀረቡላችሁ ቁጥሩን እዚያው ተዉት።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ባለ ቁልፏን ስልክ አትናቋት። ባትሪዋ ቀናት ይቆያል፣ ወድቃም ትነሣለች፣ ኢንተርኔት ባይኖርም ድምፅና አጭር መልእክት ታደርሳለች። ለእረፍት ስንሄድ ሁለተኛ ሲም ካርዳችንን እሷ ላይ አድርገን መያዝ ብልህነት ነው።

ብራውዘር፦ የዳታችን መውጫ በር

ይህ የያዛችሁት ጽሑፍ በኮምፒውተር ሲቀመጥ 40 ኪሎ ባይት አካባቢ ነው። በ100 ሜጋ ባይት ፓኬጅ 2,500 ጊዜ ያህል ሊከፈት ይችላል። አንድ የተለመደ ድረ ገጽ ግን ዛሬ በአማካይ ከ2 ሜጋ ባይት በላይ ነው፤ በዚያው 100 ሜጋ 50 ገጽ ብቻ። ልዩነቱን የሚበላው ጽሑፉ አይደለም፤ ፎቶው፣ ማስታወቂያውና ከጀርባ የሚሠሩት ኮዶች ናቸው። የብራውዘር ምርጫ የገንዘብ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ኦፔራ ሚኒ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ያለ ነው፤ ለቀጭን ኔትወርክ ተብሎ የተሠራ ነው። ኃይለኛ ቁጠባ በሚለው አሠራሩ ገጹን የሚከፍተው የኛ ስልክ ሳይሆን የኦፔራ ኮምፒውተር ነው። እሱ ይከፍትና ጨምቆ፣ አሳንሶ ይልክልናል። ዜና ለማንበብ፣ የፈተና ውጤት ማስታወቂያ ለማየት፣ ኮረብታ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት ከሱ የሚሻል አላየንም። ነገር ግን ስለ አሠራሩ አስቡ፤ ገጹን የሚከፍተው ሌላ ኮምፒውተር ከሆነ፣ የምንጽፈው የይለፍ ቃልም በዚያ ኮምፒውተር በኩል ያልፋል። በኛና በባንኩ መካከል ሦስተኛ ሰው ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ የባንክና የኢሜይል ሥራ በዚህ አሠራር አይሠራም። ቢያንስ ቁጠባውን አጥፍቶ፣ ይልቁንም በሌላ ብራውዘር ወይም በባንኩ በራሱ አፕ መጠቀም ይገባል።

ክሮም ብዙዎቻችን ስልክ ላይ ተጭኖ የመጣ ነው። ፈጣን ነው፣ ገጾች ተበላሽተው አይታዩበትም። ቀድሞ ዳታ የሚቆጥብ አሠራር ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጎግል አስቀርቶታል። "ክሮም ላይ ቁጠባውን አብሩት" የሚለው የድሮ ምክር አሁን አይሠራም። የቀረው ጥሩ ነገር ገጽን አውርዶ የማስቀመጥ ምልክቱ ነው፤ ከላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ወደ ታች የሚያመለክተው ቀስት። ግቢ ውስጥ ዋይፋይ እያለ የሚፈለገውን ሁሉ እንዲህ አውርዶ ቤት ሄዶ ያለ ኔትወርክ ማንበብ ይቻላል።

ፋየርፎክስ በአንድሮይድ ላይ ተጨማሪ ማከያ ይቀበላል፤ የስልኩ ክሮም ግን አይቀበልም። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማከያ ብንጭንበት አብዛኛው ማስታወቂያ ከመውረዱ በፊት ይታገዳል። ዳታ ይቆጥባል፤ ከዚያም በላይ ዓይናችንንና ልባችንን ልናየው ከማንፈልገው ሥዕል ይጠብቃል። ብዙ እህቶችና ወንድሞች "አንድ ትምህርት ለመፈለግ ገብቼ የማይታይ ነገር ያሳየኛል" ብለው ሲያማርሩ እንሰማለን። ለዚህ የቀረበው መልስ ይኸው ነው። ራም ያነሰው ስልክ ላይ ግን ከክሮም ሊዘገይ ይችላል።

የኛ ልማድ እንዲህ ሆኗል፤ ለማንበብ ኦፔራ ሚኒ፣ ለባንክና ለዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ። አንድ ብራውዘር ሁሉንም አይሠራም።

ፊደላችን ስንት ይመዝናል?

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ አንዱ ስልክ ላይ የጻፍነው በሌላው ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ሳይሆን ፊደል ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ይህ ግን አያስደነግጥም፤ አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚሄድ ቃሉ ያጥራል፤ ከፎቶ ጋር ሲነጻጸርም ምንም ነው።

የሚያሳስበው አጭር መልእክት ላይ ነው። አንድ የላቲን አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ከጽሑፉ መሐል አንድ የአማርኛ ፊደል እንኳ ከገባ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ከዚያ ካለፈ በ67፣ በ67 ፊደል ተቆራርጦ ይላካል፤ እያንዳንዱም ቁራጭ እንደ አንድ መልእክት ይቆጠራል። ለቤተሰብ "ደህና ገባሁ፣ ትምህርት ሰኞ ይጀመራል፣ ለሁሉም ሰላምታ" ብሎ መጻፍ በአንዱ ውስጥ ይበቃል። ረጅም ምርቃት ሲጨመርበት ሁለትና ሦስት ይሆናል። በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ርካሽ ቢሆንም እናቶቻችን አያነቡትም። አጭር አድርገን በፊደላችን እንጻፍላቸው።

ስለ ኪቦርድም አንድ ቃል። ጂቦርድ የሚባለው የጎግል ኪቦርድ አማርኛ አለው። ሌላ ኪቦርድ ስትጭኑ አንድሮይድ "ይህ ኪቦርድ የይለፍ ቃልን ጨምሮ የምትጽፈውን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል" የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያል። አብዛኞቻችን ሳናነብ "እሺ" እንላለን። ኪቦርድ ከሁሉም አፕ በላይ እምነት የሚጣልበት ዕቃ ነው፤ የማናውቀውን ሰው ኪቦርድ መጫን ደብዳቤያችንን ሁሉ ለማናውቀው ጸሐፊ እንደማስጻፍ ነው።

ወደ ሦስቱ አዛን እንመለስ

ፈጅር የሚገባው እውነተኛው ጎህ ሲቀድ ነው። አፑ ግን ጎህን አያይም። አፑ የሚያውቀው ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለች ነው፤ "በዚህ ዲግሪ ላይ ጎህ ቀዷል" የሚለው ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ የተመረጠው የስሌት ዘዴ ነው። የግብፅ ዘዴ 19.5 ዲግሪ ይላል፣ የመካው ኡሙል ቁራ 18.5፣ የሙስሊም ዓለም ሊግ 18፣ የሰሜን አሜሪካው ኢስላማዊ ማኅበር 15። በኛ አካባቢ ፀሐይ አንድ ዲግሪ ለመውጣት 4 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። ስልኮቻችንን ስንከፍት የመጀመሪያው በግብፅ፣ ሁለተኛው በዓለም ሊግ፣ ሦስተኛው በሰሜን አሜሪካ ዘዴ ተሞልተው አገኘናቸው። በ19.5 እና በ18 መካከል 6 ደቂቃ፣ በ19.5 እና በ15 መካከል 18 ደቂቃ። ስልኮቹ አልተሳሳቱም። ሦስታችንም ማንን እንደምንከተል ሳንመርጥ አፑ መርጦልን ነበር።

ዐስርም ላይ እንዲሁ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የዕቃው ጥላ በቁመቱ ልክ ሲጨምር፣ በሐነፊይ ዕጥፉ ሲሆን ይገባል፤ አፑ ላይ ሁለቱም ምርጫ አለ። ቦታውም ለውጥ ያመጣል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ 3 ደቂቃ ያህል ትቀድማታለች። ስልኩ "አዲስ አበባ" ላይ ተቀምጦ ከቀረ ኢፍጣር ላይ 3 ደቂቃ መዘግየት ብቻ ነው። ሱሁር ላይ ግን ጎህ ከቀደደ በኋላ እንድንበላ ያደርገናል።

አፑ የማያየው ሌላ ነገር ከፍታው ነው። ብዙዎቹ አፖች ምድርን ሜዳ አድርገው ያሰላሉ። የመንዝ ደጋ ብዙው ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። በምሥራቁ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ቆላውን ቁልቁል ስለሚያይ ፀሐይ ከስሌቱ 4 ወይም 5 ደቂቃ ቀድማ ትወጣበታለች፤ የፈጅር ወቅቱም ቀድሞ ያበቃል። በተቃራኒው ጀማ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስለገባች መግሪብ ደርሷል ማለት አይደለም። ይህ የኛ ብቻ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የዱባይ ሙፍቲ ቡርጅ ኸሊፋ ላይ ከ80ኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ ከ2 ደቂቃ በኋላ፣ ከ150ኛ በላይ የሚኖሩ ከ3 ደቂቃ በኋላ እንዲያፈጥሩ ተናግረው ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ? የአካባቢያችሁን መስጂድ ኢማም ጠይቁ፤ አፑን ከመስጂዱ ጋር አስማሙት እንጂ መስጂዱን ከአፑ ጋር አታስማሙ። የአንዳችን አባት ስልኩ አዛን ሲል ወጥተው ሰማዩን አይተው ይገባሉ። "ለምን አባዬ?" ሲባሉ "ስልኩ ይንገረኝ፣ ዓይኔ ይመስክር" ይላሉ። ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም።

ቂብላ በእንጨት

የቂብላ አፕ የሚሠራው ስልኩ ውስጥ ባለ ትንሽ የማግኔት መለኪያ ነው። አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ይህ መለኪያ ጨርሶ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ የዶርም ብረት አልጋ፣ የላይብረሪ የብረት መደርደሪያ ወይም ማግኔት ያለው የስልክ ከቨር ያሳስታቸዋል። ከመጠቀማችሁ በፊት ከብረት ራቁ፣ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርፅ እየሠራችሁ አንቀሳቅሱት።

ደግሞም የኛ አካባቢ ዕድለኛ ነው። መካና ሰሜን ሸዋ በአንድ የኬንትሮስ መስመር አጠገብ ናቸው። ቂብላ ከደብረ ብርሃንም ከመሐል ሜዳም ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ይርቃል፤ ከዓለም ከተማ 4፣ ከአዲስ አበባ 5 ዲግሪ አካባቢ። ስለዚህ አፑ ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ምሥራቅ ካመለከታችሁ ስህተቱን ያለ አፕ ማወቅ ትችላላችሁ።

በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ፀሐይ ራሷ ቂብላን ታሳያለች። ግንቦት 19ና 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ፀሐይ በትክክል ከካዕባ አናት ላይ ትሆናለች፤ የኛና የሳዑዲ ሰዓት አንድ ስለሆነ ማስላት አያስፈልግም። አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ጥላው ወደ ደቡብ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወድቃል። ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር ስታዩ ፊታችሁ ወደ ካዕባ ነው። ሁለተኛው ሐምሌ 8ና 9፣ 6 ሰዓት ከ27 ላይ ነው፤ ያኔ ግን ክረምት ስለሆነ ደመናው ላያሳየን ይችላል። አፑ፣ ኔትወርኩ፣ ባትሪው ሁሉ ቢጠፋ ይህ አይጠፋም።

በነጻ የተሰጠን ምን ይወስዳል?

አራተኛውን ጥያቄ ወደ መጨረሻ ያቆየነው ከባድ ስለሆነ ነው። በኅዳር 2013 ማዘርቦርድ የተባለው የአሜሪካ የዜና አውታር አንድ ዘገባ አወጣ። ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው የሶላት ሰዓትና የቂብላ አፕ ሙስሊም ፕሮ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ ሞድ ለሚባል መረጃ ነጋዴ ድርጅት ይልክ እንደነበር፣ ኤክስ ሞድም የሚሰበስበውን መገኛ ከአሜሪካ ጦር ጋር ለሚሠሩ ተቋራጮች ይሸጥ እንደነበር ዘገበ። የአፑ ባለቤቶች በቀጥታ ለጦር ሸጠናል መባሉን አስተባብለው ከኤክስ ሞድ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን አስታወቁ። በማግስቱ ወር አፕልና ጎግል የኤክስ ሞድን ኮድ ከአፖች ውስጥ እንዲወጣ አዘዙ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ድርጅቱ የአምልኮ ቦታን የመሰለ ስሱ መገኛ እንዳይሸጥ ከለከለው።

ከዚህ የምንማረው አንዱን አፕ መጥላት አይደለም። የሶላት ሰዓት ለማስላት አፑ የሚያስፈልገው የከተማችን ስም ብቻ ነው። በየደቂቃው የት እንደቆምን፣ መቼ ከመስጂድ እንደወጣን፣ ማታ የት እንዳደርን ማወቅ አያስፈልገውም። መገኛ ሲጠይቃችሁ "አትፍቀድ" በሉትና ከተማውን በእጃችሁ ምረጡ። እምቢ ካላችሁት የማይሠራ ከሆነ ሌላ አፕ ፈልጉ። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ "አፑን በምጠቀምበት ጊዜ ብቻ" የሚል ምርጫ አለ። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ደግሞ አንድ አፕ ካሜራ ወይም ማይክ ሲከፍት በስክሪኑ ጥግ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። የቁርኣን አፕም ቢሆን ኔትወርክ አጥፍታችሁ ከፍቱት፤ ገጹ ከተከፈተ የኛ ነው፣ ካልተከፈተ የተከራየነው ነው።

ቴሌግራምም አለ። መጽሐፉም፣ የሌክቸር ኖቱም፣ የጀመዓው ማስታወቂያም እዚያ ነው። ግን ሁለት ነገር እንወቅ። በተለመደው ቻት የጻፍነው በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈው "ምስጢራዊ ቻት" የሚባለው ብቻ ነው። ዋትስአፕ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሁሉንም ቻት እንዲህ ይቆልፋል። ሁለተኛ፣ የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ "ዳታና ማስቀመጫ" በሚለው ሥር ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዲወርድ የተፈቀደውን በሞባይል ዳታ ላይ አጥፉት። "ፓኬጄ ምን በላው?" ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ይኸው ነው።

የእናትና የአባት ስልክ

ለእረፍት ስንሄድ ስልክ አዋቂው እኛ ነን። እናታችን ዓረብ ሀገር ያለችውን እህታችንን የምታገኝበትን ኢሞ የምንጭነው እኛ፣ የአባታችንን ቴሌብር የምንከፍተው እኛ። ይህ አማና ነው። በጥድፊያ "እሺ፣ እሺ" እያልን የፈቀድነውን ሁሉ እነሱ ሳያውቁት ይሸከሙታል።

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበትም በ*127# ይሠራል፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይም ጭምር። ለአባታችን የምናስተምረው እሱን ይሁን። የምስጢር ቁጥሩን ራሳቸው ይምረጡ፤ እኛም ብንሆን ባናውቀው ይሻላል። "ከድርጅቱ ነው የምደውለው፣ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ" የሚል ሁሉ ሌባ እንደሆነ አስረግጠን እንንገራቸው። አፕ ደግሞ ከፕሌይስቶር እንጂ በቴሌግራም ከተላከ ፋይል አይጫን፤ የባንክ አፕ መስሎ የሚላክ ፋይል የሰው ገንዘብ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከመሳፈራችን በፊት

ስለዚህ ከመሳፈራችን በፊት ባለው ምሽት፦ የምናነበውን በዋይፋይ እናውርድ። ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርገን የትኞቹ አፖች እንደሚከፈቱ እንፈትሽ። የሶላት አፑን ከተማና የስሌት ዘዴ እንይ። የመገኛ ፈቃድ የተሰጣቸውን አፖች በሴቲንግ ውስጥ እንቁጠራቸው፤ ያልገባንን እንዝጋው። ፓወር ባንኩን እንሙላ።

ስልኩን ማስተካከል የከበደው ወንድም ወይም እህት ካለ ከጁሙዓ በኋላ ይዞልን ይምጣ፤ አብረን እናየዋለን ኢንሻአላህ። ሦስታችንም አሁን ስልኮቻችንን ከመስጂዳችን ጋር አስማምተናል። በሚመጣው ረመዷን አዛኑን አንድ ላይ እንሰማለን፤ ሻዩንም አንድ ላይ እናስቀምጣለን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።